ሦስቱ መንደሮች ያዩት ብርሃን

ጀንበር ስታዘቀዝቅ እንዝርቴን ይዤ ደጃፌ ላይ ተቀመጥሁ። የልጄ የጌታነህ ልጅ ሕሊና የሰማይን ብርሃን ልትማር ባሕር ማዶ ተጠርታለች፤ አባቷም ፍርዱን ለእኔ ትቶታል። የምታጠናውን ብጠይቅ አስተማሪዋ «የኮከብ ብርሃን ነው» አለኝ፤ ጓደኛዋ «ሬዲዮ ነው» አለችኝ፤ ራሷ ደግሞ «ኤክስሬይ ነው» አለችኝ። በእኛ አገር ቃሉ ያልገጠመ ምስክር ይባረራል፤ እኔም ነገ «የትም አትሄጂ» ልላት ቆርጬ ተኛሁ።

በሕልሜ ፀጉሯ እንደ ባዘቶ የነጣ ሴት መጥታ «ተነሺ፣ እትዬ» አለችኝ።

«በዚህ ሽበትሽ እኔን እትዬ ትያለሽ? አታፍሪም?» አልኋት።

ስቃ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ተራራው ሁሉ ደን የለበሰ፣ በየኮረብታው አናት እንደ ግዙፍ ሰፌድ ወደ ሰማይ የተዘረጋ መሣሪያ የቆመበት አገር አየሁ። ገበሬው ከእርሻው፣ ዳኛው ከችሎቱ፣ አራሷም ልጇን አቅፋ ወደ አንድ አደባባይ ይጎርፋሉ፤ ሴትንም «አንቺ ምን አገባሽ» የሚላት የለም።

የአንዱ መንደር ሰው ተነሥቶ «የሩቁን የሰማይ ብርሃን በሬዲዮ ሞገድ አየነው፤ ውዝዋዜው በየአቅጣጫው የተዘበራረቀ ነው» አለ። ሁለተኛው «በዐይን በሚታየው ብርሃን አየነው፤ ትንሽ ይሻላል» አለ። ሦስተኛዋ ቀና ስትል ሕሊና ናት! «በኤክስሬይ አየነው፤ ከሁሉ ይልቅ ወደ አንድ አቅጣጫ ይወዛወዛል» አለች።

«ዋሽታለች! ትውጣ!» ብዬ ጮህሁ። ልጅቷ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

«ኤክስሬይ ማለት ሐኪም ቤት ወገቤን ያነሡበት አይደለም እንዴ? የሰማይ ወገብ ተሰብሯል?» አልኋት ያመጣችኝን ሴት።

«ዓይነቱ አንድ ነው» አለች መሪዬ፤ «በሩቅ ጋላክሲ እምብርት ካለ ጥቁር ጉድጓድ አጠገብ የእሳት ጅረት ወደ እኛ ይወረወራል። ኤክስሬዩ የሚወለደው ጅረቱ እርስ በርሱ በሚላተምበት ጠባብ ቦታ ነው፤ እዚያ ሥርዓት አለ። ሌላው ብርሃን የጅረቱ ጉልበት እየደከመ ከተስፋፋበት ሰፊ ቦታ ስለሚመጣ ይደባለቃል።»

እጄን አየሁት፤ እንዝርቴ አብሮኝ መጥቷል። «ክሩ እንዝርቱ ዘንድ ቀጥ ይላል፤ ጣቴ ላይ ያለው ባዘቶ ግን ዝብርቅርቅ ነው።»

«እንደሱ በይው።»

«ታዲያ ማን ዋሸ?»

«ማንም። እዚህ አገር ቃል ባይገጥም ‹የቱ ጋ ቆመህ አየህ?› ብለን እንጠይቃለን እንጂ አናባርርም። ይህን ከለመድን ወዲህ ንጹሕ ሰው አላሰርንም። አሁን ግን ብርሃኑ የት እንደሚወለድ የምትነግረንን አስወጣሻት።»

«ጥሪያታ!»

«ያስወጣሻት አንቺ፣ የምትጠሪያትም አንቺ።»

«ሕሊና!» ብዬ ስጮህ ነቃሁ፤ ጎሕ ቀድዷል።

«አቤት እማማ!» ብላ ከጓዳ እየሮጠች መጣች፤ ፍርዴን ፈርታ ስታለቅስ አድራ ዐይኗ አብጧል።

«ምን ያስለቅስሻል? ሻንጣሽን አዘጋጂ። አባትሽንም ጥሪልኝ፤ ቃሌን ይስማ።»

ፊደል አልቆጠርሁም፤ አፍ ግን አለኝ። ዛሬ ሽማግሌዎቹ ለፍርድ ዋርካው ሥር ሲቀመጡ ሄጄ መካከላቸው እቆማለሁ። አንዱን ምስክር ሊያባርሩ ሲነሡ፣ መጀመሪያ የቱ ጋ ቆሞ እንዳየ ይጠይቁታል፤ ባይጠይቁት እኔ እጠይቅላቸዋለሁ።