እናት ልትሞላው ያልቻለችው ቃል

ልጅቷ አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ ትንተባተባለች። እናቷ ደግሞ ቃል ልጇን ጉሮሮዋ ላይ ሲተናነቃት ማየት አትችልም፤ ቀድማ ትሞላላታለች። ሱቅ ሄደው ልጅቷ "ስ..." ስትል፣ "ስኳር ነው የፈለገችው" ትላለች። ሐኪም ፊትም እንዲሁ፣ እንግዳ ፊትም እንዲሁ።

ዛሬ ልጅቷ የመመረቂያ ጥናቷን ፈታኞች ፊት ቆማ ታስረዳለች። ጥናቷ ጀርመንኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ስዊድንኛና ዘመዶቻቸው "የኔ"፣ "ያንተ" የሚሉባቸውን ቃላት ከየት እንዳመጧቸው ነው። አባትየው ከጎኑ የተቀመጠችውን ሚስቱን "ዛሬስ ምን ይውጥሻል? ቋንቋውን አታውቂውም" ብሎ ቀለደባት። አልሳቀችም። ልጇ ስትወድቅ፣ አዳራሹ ሲስቅባት፣ ከዚያም ክፍሏን ዘግታ ስትቀር ከወዲሁ ታይቷታል።

ጅማሬው ደህና ነበር። ልጅቷ እንግሊዝኛ ለዕቃና ለእንስሳ "የሱ" የሚልበት ቃል ገና የአራት መቶ ዓመት ልጅ መሆኑን ተናገረች። "የኔ" የሚሉበት ግን ሽማግሌ ነው። ዛሬ ጀርመኑ "ማይን"፣ ስዊድኑ "ሚን" ይላል፤ ሁለቱም የአንድ አባት ልጆች ናቸው። አባት የሆነውን ቃል በጽሑፍ ያገኘው የለም። ሰው የልጆችን መልክ አይቶ የአባታቸውን እንደሚገምት፣ ሊቃውንትም ከልጆቹ ተነስተው ደረሱበት።

"ያ ቃል፣" አለች ልጅቷ፣ "ም... ምም..."

የአንዱ ፈታኝ እስክሪብቶ ባለበት ቆመ። እናት ሳይታወቃት ብድግ ብላ አፏን ከፈተች። የምትሞላው ግን አልነበራትም። ከሁለት ሺህ ዓመት ወዲያ ያለ ቃል ከየት ታምጣ?

ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሌላ ማድረግ የምትችለው ስለሌለ ጠበቀች። ስትጠብቅ አንድ ነገር ታሰባት፦ ይህን ቃል ስንት እናት ልጇን አቅፋ ብላዋለች? ማንበብ ሳያውቁ፣ በብርድ፣ በስደት፣ በረሃብ መሃል ከአፍ ወደ አፍ ሲቀባበሉት ኖረዋል፤ አንዳቸውም መሬት አልጣሉትም። ያን ሁሉ መንገድ የመጣ ቃል ልጇ ከንፈር ላይ ትንሽ ቢያርፍ ምን ይገርማል?

"ሚናዝ፣" አለች ልጅቷ።

እናትም በለሆሳስ፣ "የኔ፣" አለች።

ማለፏ ተነግሮ ሲወጡ ልጅቷ በረንዳው ላይ እናቷን እጇን ያዘቻት።

"እ... እእ..."

አባት ሚስቱን አያት። "እማዬ" የሚለው የእናት ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ከንፈሯን ገጥማ ጠበቀች።

"እርቦኛል፣" አለች ልጅቷ።