ድልድዩ የተበጠሰ ዕለት

ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ሲዘንብ ሰንብቶ፣ በአራተኛው ቀን ረፋዱ ላይ የሴቪያን ከተማ ከወንዙ ማዶ ካለችው ከትሪያና የሚያገናኘው ድልድይ ተበጠሰ። በሰንሰለት በተያያዙ ጀልባዎች ላይ ሳንቃ ተረብርቦ የተሠራ ድልድይ ነበር። ድሮ ከተማዋን ይገዙ የነበሩት እስላሞች፣ ሙሮች፣ ከዘረጉት ወዲህ አንዴ በጦር መርከብ፣ ስንትና ስንት ጊዜ ደግሞ በጎርፍ ተሰብሮ ተጠግኗል።

አዋላጇ ሊዮካዲያ ከትሪያና ዳር ቆማ ጀልባዎቹ እየተገለበጡ ቁልቁል ሲነጉዱ አየች። ልጇ ሃሲንታን ምጥ እንደያዛት ማለዳ ሰው ከወዲያ ማዶ መጥቶ ነግሯት ነበር። መቀሷንና ዘይቷን ይዛ እስክትደርስ መሻገሪያ ጠፋ። የልጇ ቤት ከማዶ፣ የወርቅ ማማ ከሚባለው ግንብ ጀርባ ነው፤ ጣሪያው ይታያታል።

ጀልበኛው ጋስፓር ዘንድ ሄደች።

"አሻግረኝ።"

"እትዬ ሊዮካዲያ፣ ወንዙን አላዩትም እንዴ? ዛፉን ከነሥሩ፣ በሬውን ከነቀንበሩ እየወሰደ እኮ ነው!"

"ፈሪ! ከእናትህ ሆድ ጎትቼ ያወጣሁህ በእነዚህ እጆች ነው።"

"እንድሰምጥ ብለው ነው የጎተቱኝ?" አለ። መቅዘፊያውን ግን አነሳና፣ "በቃ ይግቡ" አላት።

ሰዎች ጀልባዋን በረጅም ገመድ አስረው ከዳር ያዙላቸው። ሃያ ክንድ እንኳ ሳይርቁ ግንድ መጥቶ የጀልባዋን ጎን መታ። መቅዘፊያው ከጋስፓር ክንድ ጋር አብሮ ተሰበረ። ሰዎቹ እየጮኹ ጎትተው አወጧቸው። ከዚያ ወዲያ ሊዮካዲያ ሌላ ሰው ለመለመን አፍ አጣች።

ቀኑን ሙሉ እዚያው ቆመች። ከማዶ፣ ሂራልዳ ከሚባለው የካቴድራሉ ማማ አናት ደወል ይደወላል፤ ለጎርፉ ይሁን ለሞተ ሰው መለየት አልቻለችም።

"ወዲያ ማዶም አዋላጅ ሞልቷል" አሏት ጎረቤቶቿ።

"አውቃለሁ" አለች።

ውሃው ጎደል ያለው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ያኔ ተሻገረች። ደጁ እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። ሃሲንታ ፎቅ ላይ ተኝታለች፤ በሕይወት አለች። አጠገቧ ግን ሕፃን የለም።

"ልጅቷ በእግሯ መጣች፣ እማዬ፤ ከራሷ በፊት እግሯ ወጣ። መንገዱ ሁሉ በውሃ ተይዞ አዋላጅ ሊደርስልን አልቻለም። ጎረቤቶቹ ከጸሎት ሌላ የሚያውቁት አልነበረም።"

ሊዮካዲያ በእግራቸው የሚመጡትን ሕፃናት ሆድ ውስጥ እያዞረች ማዋለድ ከጀመረች ሠላሳ ዓመት ሆኗታል። ሃሲንታም ይህን ታውቃለች።

"የት ቀበራችኋት?"

"መቃብሩን ውሃ ሞልቶታል ብለው ቄሱ ወሰዷት። የት እንዳኖሯት አልነገሩኝም። ጸጉሯ ብዙ ነበር።"

ሊዮካዲያ ቄሱን ልትፈልግ ወጣች። የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ገና በውሃ እንደተያዘ ነበር። ተመልሳ መጥታ እሳት አቀጣጠለችላት።