የሐጂ ዲሪዬ ተመልካቾች

በቼዝ ውድድሩ ሁለተኛ ቀን፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ሐጂ ዲሪዬ በሦስተኛው ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው ሲመለከቱ ቆዩና «ወታደሩን ግፋው እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አሉ። የተናገሩት በሶማሊኛ ነበር፤ ግን ጣታቸው ሰሌዳው ላይ ስለነበረ አስተርጓሚ የሚፈልግ ሰው አልነበረም። ከአዲስ አበባ የመጣው ዳኛ ገብረክርስቶስ ቀስ ብሎ መጥቶ ሰዓቱን አቆመ። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሰማንያ ተመልካቾች በአንድ ጊዜ ዞረው ያዩት ሐጂን ሳይሆን ናስትሆን ነበር።

ናስትሆ ጅጅጋ ውስጥ ሒሳብ የምታስተምር የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ናት። የከተማውን የቼዝ ክለብ ከስድስት ዓመት በፊት በአራት ሰሌዳ የጀመረችው እሷ ነች፤ ይህን የሦስት ቀን ውድድርም ያዘጋጀችው እሷው። ወጪውን የቻሉት ደግሞ ሐጂ ዲሪዬ ናቸው። የሆቴሉን አዳራሽ ኪራይ፣ ከሽንሌና ከአፍደም ለመጡት ተጫዋቾች አልጋና ምሳ፣ የዋንጫውንም ዋጋ ሳይቀር ከፍለዋል። በበሩ ላይ የተሰቀለው ትልቅ ጨርቅ የእሳቸውን የሕንፃ ዕቃ መደብር ስም የያዘ ነው።

ዳኛው ናስትሆን ወደ ጥግ ወስዶ ድምፁን ሳያነሳ ነገራት።

«ወይዘሮ ናስትሆ፣ የዛሬው ማስጠንቀቂያ ነው። ነገ አንድ ሰው ቢናገር ተመልካቹን በሙሉ አስወጣለሁ። ምክር የደረሰው ተጫዋች ካለ ደግሞ ውጤቱን ለፌዴሬሽኑ አልልክም።»

ይህ ለናስትሆ ቀላል ነገር አልነበረም። የክለቧ ልጆች ስድስት ዓመት ሙሉ ሲጫወቱ ስማቸው በየትኛውም መዝገብ ላይ ሰፍሮ አያውቅም። ገብረክርስቶስን ያስመጣችው ለዚህ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ጸጥታውን እንደምታስከብር ቃል የገባችለትም ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ለሐጂም ቃል ገብታ ነበር። እሳቸው ሲስማሙ ያስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነው፤ በሩ ለሁሉም ክፍት ይሁን፣ የመጣም ሰው ሻይ ይጠጣ። ሰው በሌለበት ጨዋታ ላይ ስሜን አልሰቅልም ብለዋታል። ሁለቱም ቃል በአንድ ክፍል ውስጥ የሚከበር መስሏት ነበር። የቀብሪበያ ልጅ ሆና እንዲህ ማሰቧ የራሷ ስሕተት መሆኑን አልካደችም።

ሐጂ የጋበዟቸው፣ ከቀብሪበያ በሚኒባስ የመጡት ሰዎች ሁሉ የሻሕ ሰዎች ናቸውና። ሻሕ መሬት ላይ በተሠመረ መስመር፣ በጠጠርና በቆርኪ የሚጫወቱት የሶማሌ ጨዋታ ነው፤ ሦስት ጠጠር በአንድ መስመር ያሰለፈ ከባላጋራው አንዱን ያነሳል። በሻሕ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው የለም። ግማሹ ከአንዱ ጀርባ፣ ግማሹ ከሌላው ጀርባ ይቀመጥና ይመክራል፣ ይሳለቃል፣ ይቆጣል። ከጀርባው ያሉት ዝም ካሉ ተጫዋቹ ነገሩ እንዳበቃለት ያውቃል። የአፍደሙ ዐብዲፈታህ፣ ከባቡር ሐዲዱ ከተሞች ሁሉ የተሻለው ተጫዋች፣ በመጀመሪያው ቀን የተበላሸበት በዚሁ ነው። ሊያሸንፈው የተቃረበውን ጨዋታ በእኩል ለቀቀ። ናስትሆ ምን እንደነካው ስትጠይቀው ከኋላው ያለው ሰው ተስፋ የቆረጠበት እየመሰለው አንገቱን ማዞር እንዳበዛ ነገራት።

ከሰዓት በኋላ የሐጂ የመደብር ኃላፊ ዐብዲወሃብ መጣ። የያዘውን መልእክት ማድረስ ያሳፈረው ሰው ነበር። ሐጂ ማስጠንቀቂያውን ሰምተዋል፤ ነገ እንግዶቻቸውን ይዘው አይመጡም፤ የሦስተኛውን ቀን ኪራይም አይከፍሉም፤ ጠዋት ሰው ልከው ጨርቁን ያስወርዳሉ።

ናስትሆ ሰምታ አመሰገነችውና የመግሪብ ሶላት ሳይደርስ ስለምትመጣ ሐጂ እንዲጠብቋት ላከችበት። ከዚያ በቀጥታ የሄደችው ወደ ዳኛው ነው። ይቅርታ አልጠየቀችውም፤ ከአዳራሹ ውጭ የሚወራው ነገር ይመለከተው እንደሆነ ጠየቀችው። ገብረክርስቶስ ትንሽ አሰበ። ከበሩ ወዲያ ዳኛ አለመሆኑን፣ ግን አንድም ቃል ወደ ተጫዋቾቹ መመለስ እንደሌለበት መለሰላት። ለዚህም ሁለት ነገር አስቀመጠ፤ እያንዳንዱ እርምጃ ውጭ የሚነገረው ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ይሁን፣ የወጣ ሰው ደግሞ አይመለስ። ናስትሆ የሆቴሉን ግቢ ዞራ አየች። ከማእድ ቤቱ ጀርባ የሠርግ ዳስ ቋሚዎች እንደተተከሉ ነበሩ። ከዚያ እስከ አዳራሹ ግድግዳ በእርምጃዋ ለካችና ወደ መደብሩ ሄደች።

ሐጂ ከሲሚንቶ ክምር አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ተቀመጪ አላሏትም፤ እሷ ግን ራሷ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«እንግዳ ጠርቼ አፍህን ዝጋ ልበል?» አሉ። «እንዲህ ያለ ነገር የሚባለው ለቅሶ ቤት ነው፤ እዚያም ቢሆን ቀብር ላይ ብቻ።»

«አፋቸውን አይዘጉም፣ አዴር» አለች በሶማሊኛው የአጎት አጠራር። «ቦታ ይቀይራሉ።»

ዳሱን ነገረቻቸው። የበር ያህል ኮምፔርሳቶ ላይ ሰሌዳ ይሠራል፣ በየቤቱ ሚስማር ይመታል፣ ጠጠሮቹ ከካርቶን ተቆርጠው ይንጠለጠላሉ። በጦር ሠራዊቱ ውስጥ የሬዲዮ ሠራተኛ የነበሩትና ጡረታ ከወጡ በኋላ ጅጅጋ የቀሩት ሃምሳ አለቃ ሙላቱ እርምጃውን ከአዳራሹ በመስኮት በሚሰጥ ወረቀት እየተቀበሉ፣ ዐሥሯን ደቂቃ ጠብቀው፣ በአማርኛም በሶማሊኛም ይናገራሉ። ዳሱ ውስጥ ማንም የፈለገውን ይምከር፣ የፈለገውን ይስደብ።

«ኮምፔርሳቶው ከየት ይመጣል?» አሉ ሐጂ።

«ከዚህ ነዋ።»

ዐብዲወሃብ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ውጭ ዞረ። ሐጂ አልሳቁም። «እምቢ ብልሽስ?»

«የመጨረሻውን ዙር ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ አጫውታለሁ። ዐሥራ ሁለት ዴስክ አለኝ፣ ይበቃኛል። ውድድሩ ይፈጸማል፣ አዴር። ግን የቀብሪበያ ሰው ሁለት ቀን ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚናገርበት ቀን ሲደርስ ቀረ ይባላል።»

ሐጂ ወንበራቸውን ወደ እሷ አዞሩ። «እኔስ የት ልቀመጥ?»

«የወደዱበት። ውስጥ ከሆነ ዝም ይላሉ።»

«ሐጂ አንድ ሰዓት ዝም ካሉ ይህን ሲሚንቶ በነጻ አድላለሁ» አለ ዐብዲወሃብ።

«የሰው ሲሚንቶ ለማደል ቸር ነህ» አሉት። ወደ ናስትሆ ዞረው፣ የድግስ ባለቤት ከደጅ እንደማይቀመጥ፣ ስለዚህ ውስጥ ከፊት ረድፍ ወንበር እንድትይዝላቸው ነገሯት። ኮምፔርሳቶውንም ራሳቸው መረጡ፤ ጠርዙ የተላጠውን አስመልሰው ሌላ አስወጡ።

በማግሥቱ ዳሱ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ሞላ። ወንበር ያላገኙ የቢራ ሣጥን ላይ ሳይሆን የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀመጡ፤ ሐጂ አስቀድመው ያዘዙት ይህንንም ነበር። ለዋንጫው የቀረቡት ዐብዲፈታህና ላዳን የምትባል የፋርማሲ ተማሪ ናቸው። ላዳን በግማሽ ነጥብ ትመራለች፤ እኩል ከወጡ ዋንጫው የእሷ ነው።

አዳራሹ ውስጥ የቀሩት ተመልካቾች ሃያ አይሞሉም። ግድግዳውን አልፎ የሚመጣ ጉምጉምታ ነበር፤ ቃሉ አይለይም፣ የገበያ ድምፅ ከሩቅ እንደሚሰማው ያለ ነው። ገብረክርስቶስ መስኮቱ ዘንድ ሄዶ ጆሮውን ጣለና ምንም እንደማይለይ ሲረዳ ተመለሰ። ናስትሆ ዐብዲፈታህን ተመለከተች። ጉምጉምታው እየደረሰው ትከሻው ዘና ብሏል፤ አንድ ጊዜም አልዞረም።

ሐጂ ከፊት ረድፍ ተቀምጠው አንድ ሰዓት ከሩብ ዝም አሉ። መቁጠሪያቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። ከዚያ ዐብዲፈታህ አንገቱን ደፍቶ ማሰብ ጀመረና ደቂቃው ረዘመ። ሐጂ አንድ ነገር አዩ። ፊታቸው ተለወጠ፤ ወደ ፊት ዘንበል አሉ፤ አፋቸው ተከፈተ። ዳኛው ቀና ብሎ አያቸው። ናስትሆ ከበሩ ሆና ይህን ሁሉ አየች። አንድ ቃል ቢያመልጣቸው የስድስት ዓመት ሥራዋ እንደሚቀር ታውቃለች። አልጠቀሰቻቸውም፣ አልለመነቻቸውም። በሩን ብቻ ከፈተችው።

ሐጂ ተነሡ። አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው፣ እንደሚያስነጥሰው ሰው እየተጣደፉ ወጡ።

ናስትሆ በሩን ዘግታ ተከተለቻቸው። ዳሱ ሲደርሱ ሰሌዳው ላይ ያለው ገና ከዐሥር ደቂቃ በፊት የነበረው ጨዋታ ነው። ሃምሳ አለቃ ሙላቱ ወረቀታቸውን በእጃቸው ይዘው የእጅ ሰዓታቸውን ይመለከታሉ። ሰዉ ውስጥ ምን እንዳለ ሐጂን ጠየቀ። ሐጂ በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁና ለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀመጡ። ዐሥሩን ደቂቃ ጠበቁ። ዐብዲወሃብ በኋላ ለሰው ሁሉ ሲያወራ ከአንድ ሰዓት ከሩቡ ይልቅ ያስገረመው ይህ ዐሥር ደቂቃ እንደሆነ ይናገር ነበር።

ሃምሳ አለቃው የላዳንን እርምጃ ሰቅለው ሲጨርሱ ሐጂ ከሣጥኑ ተነሡ።

«ፈረሱ ነው! ፈረሱን አምጥቶ ንግሥቷን ያባርራል፣ አለቀ።»

ዳሱ ተናወጠ። ግማሹ ፈረስ አለ፤ ከሽንሌ የመጡት ሁለት ሽማግሌዎች ግን አይሆንም ብለው ቆሙ፣ ከሐጂ ጋርም አፍ ለአፍ ገጠሙ። ሃምሳ አለቃው ቀጣዩን ወረቀት ሲያነቡ ዐብዲፈታህ ፈረሱን አልነካም፤ ንግሥቱን ወደ ኋላ መልሷል። ሐጂ ፈሪ ነው ብለው አማረሩ። ጨዋታው ሌላ አንድ ሰዓት ሄዶ በእኩል አበቃ።

ላዳን ዋንጫዋን ይዛ ወደ ዳሱ ስትወጣ ሐጂ ከመንገድ ያዟት። ፈረሱ ቢመጣ ምን ታደርግ እንደነበር ጠየቋት። ልጅቷ ዋንጫውን ለናስትሆ አስያዘችና ካርቶኖቹን ወደዚያ እርምጃ መልሳ ከሚስማር ሚስማር ታዛውር ጀመር። ፈረሱ ሲነሣ የዐብዲፈታህ ንጉሥ አጠገብ ያለው ቤት ባዶ ቀረ። በእሱ ንግሥቷን አስገባች። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ንጉሡ መውጫ አጣ።

ዳሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ሐጂን ተመለከተ። የሽንሌ ሽማግሌዎች ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ሐጂ ራሳቸው በሳቅ ፈረሱ።

«እንኳን ውስጥ አልተናገርኩት» አሉ። «ልጁ ሰምቶኝ ቢሆን አፍደምን በእግሬ አልረግጥም ነበር።»

ገብረክርስቶስ በዚህ መካከል የውጤቱን ቅጽ ፈርሞና ማኅተም አድርጎ ወጣ። ሃያ አራቱንም ስም ናስትሆ ሆሄ በሆሄ አየች፤ አንድም የተሰረዘ የለም። ሐጂ ዳኛውን ጠሩት። አሁንስ መናገር ይፈቀድለት እንደሆነ፣ ከተፈቀደ ደግሞ ፈረሱ በሌላ በኩል ቢመጣ ምን እንደሚል ጠየቁት። ዳኛው ወረቀቱን ለናስትሆ ሰጥቶ ወደ ሰሌዳው ተጠጋ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲጠብቅ የቆየ ሰው ይመስል ነበር።

ሐጂ ከሰሌዳው ሳይዞሩ ናስትሆን ጠቀሱ።

«ለከርሞ ውስጥ ወንበር እንዳታስቀምጪልኝ።»

«እዚህስ ስንት ይዘጋጅ፣ አዴር?» አለች።

አልሰሟትም። ዳኛው ፈረሱን አንሥቶ ነበርና፣ ሐጂ እጁን ይዘውታል።