በብሩሹ ጫፍ የነበረው ጥርስ

የቅሪተ አካል ለቃሚዋ ስልኩን ዘግታ ወደ ብሩሿ ስትመለስ ጫፉ ላይ ምንም የለም።

የጠፋው ጥርስ የሩዝ ፍሬ እኩሌታ አያክልም። ባለቤቱ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የኖረ፣ አይጥ የሚያክል እንስሳ ነው፤ ከዚህ በቀር የዘሩን ጥርስ ያገኘ የለም። አለቃዋ ጋሼ ለዚህ ብለው ሃያ ስድስት ዓመት የጭቃ ድንጋይ በውሃ ሲዘፈዝፉ፣ በወንፊት ሲያጥቡ፣ ሲያደርቁ ኖረዋል። እሷ ደግሞ ዛሬ ጠዋት በማይክሮስኮፕ ከአሸዋው መሀል ለቀም አደረገችውና «ጋሼ፣ ተገኘ! ይምጡ!» ብላ ደወለች። ይኸው ከዘራቸው ደረጃው ላይ ይሰማል።

ጠረጴዛውን አየች፤ ጋዋኗን አራገፈች፤ ወለሉን በጉልበቷ ዳኸችበት። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለች። ያኔ ብሩሹ እርጥብ መሆኑን አየች።

ደረቅ ብሩሽ ቅንጣት አያነሳም። «ውሃ ይበዛበታል፣ ምራቅ ልኩ ነው» ብለው ብሩሹን ከንፈር ላይ ማስነካት ያስተማሯት ራሳቸው ጋሼ ናቸው። እሷ በስልኩ ስትፈነድቅ የለመደ እጇ ብሩሹን ከነጥርሱ አጉርሷታል!

በምላሷ ጫፍ ቀስ ብላ ፈለገች። ድዷና ጉንጯ መሀል አንድ ኮረት አለ። ብትውጠው ጠፋ፤ ብትነክሰው ዱቄት ሆነ። ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ደርቃ ቀረች፤ ምራቋ ግን አፏን እየሞላ ነው።

በሩ ተከፈተ።

«የታለ?» አሉ ጋሼ።

ከንፈሯን ገጥማ አየቻቸው።

«አንቺን እኮ ነው! ምላስሽን ዋጥሽው እንዴ?»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። በጣቷ ጉንጯን አሳየቻቸው። ጋሼ ብሩሹን አዩ፣ ጉንጯን አዩ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። ነጭ ሳህን አንስተው አገጯ ስር ያዙላት።

«ቀስ በይ ልጄ። እንዳትውጪ። በእናትሽ እንዳትውጪ!»

ተፋች። ጋሼ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሱ። ቆዩ። በጣም ቆዩ።

«ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሙሉ ነው። አንዲት ጫፍ አልጎደለችውም።»

ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ጋሼ ጥርሱን በብሩሹ አንስተው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። «ሃያ ስድስት ዓመት» አሉ፤ እጃቸውም ሳያውቁት ወደ አፋቸው መሄድ ጀመረ።

«ጋሼ!»

በሁለት እጇ የእጃቸው አንጓ ላይ ተንጠለጠለች። ብሩሹ ከከንፈራቸው ለመድረስ አንድ ጣት ያህል ቀርቶት ነበር።