እፍ የማይወድ እሳት

ነበልባሉ ከማቃጠያው አፍ ተነቅሎ እንደገና ጠፋ። ደወሉ ጮኸ። ዝምና ያየችው ግን እሳቱን ሳይሆን የአጎቷን እጅ ነበር።

አጎቷ አባይ በእስራኤል፣ በሃይፋ ወሽመጥ አሉሚኒየም ሲያቀልጡ ነው የሸበቱት። ዛሬ ፋብሪካው የሚሞክረው ጋዝ ከቆሻሻ ክምር የሚወጣ ነው፤ ግማሹ አይነድም። ሙቀቱ ስለሚያንስ ብዙ ጋዝ ይፈልጋል፤ አየር ሲበዛበት ግን ይጠፋል። አባይ ደግሞ ነበልባሉ በገረጣ ቁጥር የአየሩን መዘውር ይከፍቱታል።

«አጎቴ፣ አየሩን አያብዙት።»

«የደከመ እሳት እፍ ካላሉት በምን ይነሳል? ይኼማ ጾመኛ ነው፣ ፊቱን አታዪም?»

ሠራተኞቹ ሳቁ። የፈረቃው አለቃ ራፊ ግን አልሳቀም። «አሁን ከጠፋ ያጠፋው ሰው ከምድጃ ተነስቶ መጋዘን ይወርዳል» አለ።

ዝምናን እዚህ ያስቀጠሯት አጎቷ ናቸው። በሰው ፊት «እጅዎን ያንሱ» ማለት አቃታት። ምድጃው እንደገና ሲለኮስ፣ ለሙከራው በእጅ እንዲሠራ የተተወውን የአየር መቆጣጠሪያ ቀስ ብላ ወደ አውቶማቲክ መለሰችው። ከዚያ ወዲያ የአጎቷ መዘውር የሚያዝዘው ነገር አልነበረም።

ነበልባሉ ረጋ። አባይ መዘውሩን እየነካኩ «አየሽ?» አሏት።

ራፊ ትከሻቸውን መታ መታ አደረገ። «ኮል ሃካቮድ፣ ጎበዝ አባይ! ሁለተኛውን ምድጃ ለከሰዓት ፈረቃ ሠራተኞች አንተ ታሳያቸዋለህ።»

ዝምና መቆምም መቀመጥም አቃታት። ሁለተኛው ምድጃ አውቶማቲክ የለውም። እዚያ እፍ እያሉ ቢያጠፉት፣ ያልነደደው ጋዝ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከዚያ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል።

የከሰዓቱ ሠራተኞች መምጣት ጀመሩ። ወደ አጎቷ ጆሮ ተጠጋች።

«ይቅር ይበሉኝ። መዘውሩ አይሠራም። እኔ ነኝ ያቋረጥሁት።»

አባይ አላመኑም። እስከ መጨረሻው ከፈቱት፤ እሳቱ ንቅንቅ አላለም። ዘጉት፤ ያው ነው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከለኮስነው ወዲህ።»

«ራፊ ሲያመሰግነኝም ዝም አልሽ።»

ከመጡት አንዱ፣ ኦምሪ፣ «በል፣ አባይ፣ አሳየን!» አለ።

አባይ ጓንታቸውን አወለቁ። ፊታቸው ደም መስሏል።

«እሷን ጠይቋት። እኔ ሳጠፋው ነው የዋልሁት» አሉና ወደ ራፊ ቢሮ አመሩ።

ልትከተላቸው ፈለገች። ሰዎቹ ግን ከበዋት ይጠብቁ ነበር።

«ነበልባሉ ሲገረጣ መጀመሪያ አየሩን ቀንሱ» ብላ ጀመረች። ዓይኗ ግን ከቢሮው በር አልተነቀለም።