የእናትየው ምት

"ጋሼ፣ የእማዬ መኪና የት ገባ?"

ኤዲተሩ ስልኩን በትከሻው ደግፎ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሏል። ሌሎች ጣቢያዎች ፊት የሚነሷቸውን ሙዚቀኞች የሚያቀርበው ፕሮግራም በቀጥታ እየተላለፈ ነው። የደዋይዋ የመጀመሪያ ክሊፕ ገና አሁን አለቀ።

"የምን መኪና?"

"የልብስ ስፌት መኪናዋ ነዋ! ከበሮ መቺ የለኝም እኮ። እሷ እየሰፋች፣ እኔ በእሷ ምት እየዘፈንኩ ነው የቀዳነው።"

ክው አለ። ከድምጿ ስር ተከ ተከ ትል የነበረችውን ነገር የጎረቤት ጫጫታ መስላው፣ ማንም ሳያዘው ጥርግ አድርጎ አጥፍቷታል። ሳይጠሩት አቤት!

"ስርጭቱ ይሆናላ" አለ ቶሎ ብሎ። ምነው ምላሱን በቆረጠው!

"እኔም እንደዛ ብያት ነበር፤ አላመነችኝም። ጎረቤቱን ሁሉ እዩልኝ ብላ ጠርታ ነበር፤ አሁን 'የልብስ ሰፊ ልጅ መባል አሳፈረሽ?' ብላኝ ጓዳ ገባች።" ልጅቷ እያለቀሰች ዘጋችው።

ማስታወቂያ ሲገባ የአቅራቢዋ ድምፅ በጆሮ ማዳመጫው መጣ። "ያለ ምንም ምት! ድፍረቷን አየህልኝ? ድምፁንስ እንዴት አጥርተኸዋል፣ እጅህ ይባረክ!"

ምርቃቱ እንደ እርግማን ከበደው። ቅንድብ ላሳምር ብሎ ዓይን ማጥፋት ይሏል ይሄ ነው። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም፤ እናትና ልጅ ግን በእሱ ጦስ ተኳርፈው ሊቀሩ ነው። በራሱ አፈረ። መልሶ ደወለ።

"እናትሽን አገናኚኝ።"

"ማንንም አታናግርም።"

"ያጠፋሁት እኔ ነኝ በያት።"

ጥቂት ቆይቶ ሻካራ ድምፅ መጣ። "ማን ልበል?"

"እማማ፣ የመኪናዎን ድምፅ ከዘፈኑ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ልጅዎ አታውቅም። ጫጫታ መስሎኝ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።"

"ጫጫታ?" አሉ ሴትየዋ። "በዚህ ጫጫታ አይደል እንዴ ያሳደግኳት!"

ኤዲተሩ ሰዓቱን አየ፤ ፕሮግራሙ ሊያልቅ ነው።

"ታዲያ ምን ቆመሃል? መልሰዋ! ጎረቤቱ ሳይበተን!"

ልጅቷ የላከችውን ያልተነካ ቅጂ ከፈተ። የፕሮግራሙን መዝጊያ ሙዚቃ አውጥቶ እሱን ተካበት። ከዚያ የአቅራቢዋን መስመር ተጫነ።

"በዚያችው ልጅ ዘፈን ነው የምንዘጋው። ምቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ስታስተዋውቂ ይህንኑ ተናገሪ።"

"በቀጥታ ስርጭት? ጤና የለህም? መሳቂያ ልትሆን ነው!"

"እናቷ እየሰሙ ነው" አለ፤ የስፌት መኪናዋንም ድምፅ ከፍ አደረገ።