ቀድሞ የታየው ሳህን

የታላቅ እህቷ ባል፣ በላብራቶሪው «ሊቁ» የሚሉት ተመራማሪ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ተቀምጦ አፍሮ የተነሣበት ቀን የለም። ጠላት መግባቱን የሚያስታውቅ ምልክት የደረሳቸው ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ፣ ተበትነው የነበሩ ፕሮቲኖች ሾርባ ላይ እንደሚንሳፈፍ ዘይት ተሰባስበው ጠብታ ይሠራሉ፤ ሴሉ ለውጊያ የሚነሣው በዚህ ነው ይላል። ምልክት ያልደረሳቸው ላይ ግን አንድም ጠብታ የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ውጤቱ ዝንፍ አላለም።

እሷን የከነከናት ይኸው ነበር። በዚያው ላብራቶሪ ሴሎቹን የምታሳድገው እሷ ናት፤ ሴል ደግሞ እንደ ልጅ አንዳንድ ቀን ያኮርፋል። እህቷ ደውላ ባሏ በዚህ ሥራ ሊሸለም መሆኑን ስትነግራት፣ ደስ አለኝ ያለችው ከአንገት በላይ ነበር።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ፣ አንድ ጠዋት ሴሎቹ ካሉባቸው ሁለት ሳህኖች ለአንዱም ምልክቱን ሳትሰጥ፣ በአንደኛው ክዳን ላይ ብቻ ምልክት እንደደረሰው አስመስላ «የተነካ» ብላ ጽፋ ሰጠችው። ከምሳ በኋላ ፎቶዎቹን አሳያት። «የተነካ» የተባለው በጠብታ ተሞልቷል፤ ሌላው ባዶ ነው። እጅ ከፍንጅ ያዝኩት አለች በልቧ። ግን ለማን ትናገር? የእህቷ ልጆች አባት ነው።

በማግስቱ ዕቃ የምታጸዳ መስላ ከኋላው ቆመች። ምንም ተንኮል አልሠራም። እንደ ልማዱ የተነካውን አስቀደመ፣ ፎቶ አነሣ። ሳህኑን ሲያነሣ፣ ሳህኑ ተቀምጦበት የነበረውን የማይክሮስኮፑን ብረት በጣቷ ነካችው፤ የብረቱ ማሞቂያ ገና መሥራት መጀመሩ ስለነበር በረዶ ነው። ሁለተኛው ሳህን ሲቀመጥ ግን ብረቱ ሞቋል። ዘይት የሚረጋው በብርድ አይደል?

«ብረቱ ሲበርድ፣ እስቲ ዛሬውኑ ያልተነካውን አስቀድመው ይድገሙት» አለችው።

ስቆ እሺ አላት። ከሰዓት በኋላ ያልተነካው በጠብታ ተሞልቶ ሲያይ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ያን ጊዜ የክዳኑንም ነገር ሳትደብቅ ነገረችው።

«ሌባ መስዬሽ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ። መስለውኝ ነበር።»

ስለ ጠብታው ያሳተመውን ጽሑፍ እንዲሰርዙለት የዚያኑ ዕለት ለመጽሔቱ ጻፈ። ብረቱን አስቀድመው እያሞቁ ሥራውን አራት ወር ደገሙት። ጠብታው እውነት ነው፤ ግን ብዛቱ እሱ ካለው ግማሽ አይሞላም። ሽልማቱ ለሌላ ሄደ፣ እህቷም ብዙ ጊዜ አልደወለችም።

እሱ አልወቀሳትም፤ ሰላምታውም አልጎደለም። ብቻ ሳህን ስትሰጠው፣ ክዳኑ ላይ የጻፈችውን ከላብራቶሪው መዝገብ ጋር አስተያይቶ ካላረጋገጠ አይቀበላትም።